ሰውየውን አምናለሁ፤ መኪናዋ ግን ትመርመር!

ወጣት ሆኖ የስፖርት መኪና ያላማረው ካለ እጁን ያውጣ! መሬት ለመሬት የምትሄድ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትጭን፣ ጣሪያዋ የሚከፈት፣ ነዳጅ ሲረግጡላት ጀርባን ከወንበር ጋር የምታጣብቅ መኪና ያየ ወጣት አንገቱን ሳያዞር አያልፍም። አዲሷን መግዛት የሀብታም ነገር ነው። ሃያ ዓመት ያለፋት ግን ዋጋዋ ወርዶ ወርዶ አንዳንዴ ከደህና ያገለገለ ቶዮታ ጋር እኩል ትሆናለች። ጉዱ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

ያገለገለ የቤት መኪናና ያገለገለ የስፖርት መኪና አንድ አይደሉም። የቤት መኪና የምታረጀው ልጅ ትምህርት ቤት ስታደርስ፣ አስቤዛ ስታመላልስ ነው። የስፖርት መኪናን ግን የገዛት ሁሉ «እስቲ ምን ያህል ትበራለች?» ሳይላት አይሸጣትም። አራት ባለቤት ካለፈባት አራት ጊዜ ተፈትናለች ማለት ነው። ደግሞም የወረደው የመሸጫ ዋጋዋ እንጂ የመለዋወጫዋና የመካኒኳ ዋጋ አይደለም። ርካሽ ገዝቶ ውድ ማስጠገን ይሏል ይሄ ነው።

ስለዚህ ከመግዛት በፊት ማስመርመር ያስፈልጋል። ይህን የማያውቅ የለም። ወጣቶቻችን እንኳ ከጋብቻ በፊት ደም ተመርምረው ነው ቀለበት የሚያስሩት። ታዲያ የዓመታት ላባችንን ስናወጣ ለምን ዝም ብለን እንፈርማለን? እኔ እንደታዘብኩት ምክንያቱ ሁለት ነው። አንዱ ፍቅር ነው። መኪናዋን አንዴ ከወደዷት በኋላ ጉድለቷን የሚነግር ሰው ጠላት ይመስላል። ስለዚህኛው ብዙ አልልም፤ በፍቅር የታወረን ሰው በጋዜጣ መምከር ከንቱ ድካም ነው። ሁለተኛው ምክንያት ይሉኝታ ነው። ስለ እሱ ግን የማወጋችሁ አለኝ።

ጋሼና ቦክስተሯ

የምኖረው አሜሪካ ነው፤ ከዋሽንግተን ዲሲ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ቨርጂኒያ ውስጥ። ለእናቴ በየወሩ የምልከውን ሳልነካ፣ ሦስት ዓመት ሁለት ሥራ ሠርቼ 12 ሺህ ዶላር አጠራቀምኩ። ይህች ገንዘብ ከጠፋች ሌላ ሦስት ዓመት ነው። እሱን ልብ በሉልኝ።

እ.ኤ.አ. በ2023 የጸደይ ወራት ላይ አንድ የማውቃቸው ሰው መኪናቸውን ሊሸጡ መሆኑን ሰማሁ። ፖርሽ ቦክስተር፣ የ2001 ሞዴል፣ ብርማ ቀለም፣ 88 ሺህ ማይል የሄደች። የጠየቁት 11 ሺህ 500 ዶላር ነው። ሳያት ልቤ ቀጥ አለች። ከነጥቁር ጣሪያዋ እንደ ሙሽራ ተውባለች።

ችግሩ ሻጩ ናቸው። ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራቸው። አገሬን ለቅቄ ስመጣ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጥተው የተቀበሉኝ እሳቸው ናቸው። ቤት እስክይዝ አምስት ወር ሙሉ ሳሎናቸው ሶፋ ላይ ተኝቻለሁ። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት በእሳቸው መኪና ተለማምጄ ነው። እስቲ ፍረዱኝ! እኚህን ሰው «መኪናዎን ጋራዥ ወስጄ ላስመርምር» ብሎ መጠየቅ በየትኛው አፍ?

ሻጩ እንግዳ ሰው ቢሆን ኖሮ ጥያቄው ጥያቄ አይሆንም ነበር። የማናውቀውን እንጠረጥራለን፤ የምናውቀውን መጠርጠር ግን ነውር ነው። በዚያ ላይ በስደት የሚኖር ሐበሻ የሚሸጠውም የሚገዛውም አብዛኛውን ጊዜ እርስ በርሱ ነው። ቤተ ክርስቲያን ትገናኛለህ፣ ሠርግ ላይ ትገናኛለህ፣ ለቅሶ ላይ ትገናኛለህ። አንድ ጊዜ ፊት ካጠቆርክ ዞረህ የምትገባበት የለህም።

ምክር ጠየቅሁ። አንዱ ጓደኛዬ፣ «ጋሼን? አታፍርም እንዴ! እሳቸው አንተን ይሸውዳሉ?» ብሎ ጮኸብኝ። ሌላው ታክሲ ነጂ ነው፤ ከመኪና ጋር ውሎ ያድራል። እሱ ደግሞ አጭር ነገር ነው ያለኝ፦ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ»።

ሁለቱንም አሰብኩባቸው። የመጀመሪያው ጓደኛዬ ትክክል ነው፤ ጋሼ አይሸውዱኝም። ሁለተኛውም ትክክል ነው። ሁለቱ እንዴት አብረው እውነት ይሆናሉ? ለዚህ መልስ ያገኘሁት ስለ መኪናዋ ማንበብ ስጀምር ነው።

ኮፈን ከፍተህ ሞተር የማታይባት መኪና

ቦክስተር እ.ኤ.አ. በ1996 ገበያ ላይ የዋለች የጀርመን መኪና ናት። እኛ መኪና ስናይ የመጀመሪያ ሥራችን ኮፈን መክፈት ነው። የቦክስተርን የፊት ኮፈን ብትከፍት የምታገኘው የሻንጣ ማስቀመጫ ነው። የኋላዋን ብትከፍት እሱም የሻንጣ ማስቀመጫ ነው! ከኋላ በኩል የዘይትና የውሃ መሙያ ክዳን ታያለህ እንጂ ሞተር የለም። ባለ 6 ሲሊንደሩ ሞተር ከወንበሮቹ ጀርባ፣ ከኋላ ጎማዎቹ ፊት ለፊት ተደብቆ ተጋድሟል። እሱን በወጉ ለማየት መኪናዋ በሊፍት መነሳት፣ ከሥሯ ያሉት መሸፈኛዎች መፈታት አለባቸው። እንግዲህ አስፋልት ላይ ቆሞ ጎማ በእርግጫ የሚፈትሽ «አዋቂ» ጓደኛ ይዞ መሄድ እዚህ ላይ ዋጋ የለውም።

ሌላም አለ። በሞተሩ ውስጥ መካከለኛ ዘንግ የሚባል ነገር አለ። ይህ ዘንግ በአንድ ጫፉ የሚዞረው በኩሽኔታ ላይ ነው። ኩሽኔታው ተበልቶ ከተሰበረ ስብርባሪው ከዘይቱ ጋር ሞተሩን ይዞረዋል፤ የቫልቭና የፒስተኑ አካሄድ ይፋለሳል፤ ሞተሩም አበቃለት ማለት ነው። ሌላ ሞተር መግጠም ደግሞ ከመኪናዋ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ይህ ነገር በባለቤቶቹ ዘንድ ብዙ ያወዛገበ ነው። ከ2001 እስከ 2005 ድረስ የተሠሩትን አንዳንድ መኪናዎች በተመለከተ አሜሪካ ውስጥ የጋራ ክስ ቀርቦ በ2013 ስምምነት ላይ ተደርሶበታል። ኩባንያው ከ2009 ሞዴል ጀምሮ ይህ ዘንግ የሌለበት አዲስ ሞተር አመጣ።

አብዛኞቹ ቦክስተሮች ምንም ሳይሆኑ ይነዳሉ፤ ልቤን የነካው እሱ አይደለም። የነካኝ ኩሽኔታው ሊሰበር ሲል ለነጂው አስቀድሞ የማይናገር መሆኑ ነው። ዛሬ እንደ ሰዓት የምትሠራ መኪና ነገ ልትቆም ትችላለች። ባለቤቱም ቢሆን ከእኔ የተሻለ የሚያውቀው ነገር የለም።

ያን ጊዜ ነገሩ በራልኝ። ታማኝ ሰው ማለት የሚያውቀውን የሚናገር ሰው ነው። ጋሼ የማያውቁትን ሊነግሩኝ አይችሉም! እሳቸው እኔን ባይሸውዱ፣ መኪናዋ እሳቸውን እየሸወደች እንደሆነ በምን ይታወቃል? ስለዚህ የሚመረመረው ሰውየው አይደለም፤ መኪናዋ ናት። ሁለቱን ለይቼ ካስቀመጥኳቸው በኋላ ፍርሃቴ ቀለል አለልኝ። ጠፋ አልልም።

«አታምነኝም ማለት ነው?»

እሑድ ቡና ተፈልቶ ሳለ ነገሩን አነሳሁ። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። መኪናዋን ወድጃታለሁ። ከመክፈሌ በፊት ግን ፖርሽ የሚያውቅ ጋራዥ ወስጄ ላስመርምራት። ወጪው የእኔ ነው።»

ስኒውን አስቀመጡት። ዝም አሉ። ከዚያ፣ «አታምነኝም ማለት ነው?» አሉኝ። ድምፃቸው ከፍ አላለም፤ ከፍ ቢል ይሻለኝ ነበር።

«ጋሼ፣ እርስዎን ባላምን ኖሮ አምስት ወር ቤትዎ ባልተኛሁ። መኪናዋን ግን አላውቃትም። እርስዎም ቢሆኑ ከሰው ነው የገዟት።»

«ስቲከሯን አላየህም? ምርመራ ያለፈችው ባለፈው ወር ነው!»

እውነታቸውን ነው። ቨርጂኒያ መኪና በየዓመቱ እየተፈተሸ መስተዋቱ ላይ ይለጠፍበታል፤ እንደ እኛ አገር ቦሎ። ግን የመንግሥት ፍተሻ የሚያየው ፍሬን፣ መብራት፣ ጎማ፣ መሪ፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን ነው። ዛሬ መንገድ ላይ ብትወጣ ሰው ላይ አደጋ አታደርስም ወይ ነው ጥያቄው። ሞተሯ ስንት ዕድሜ ቀርቶታል፣ ተጋጭታ ታውቃለች ወይ፣ ይህ ዋጋ ይገባታል ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ይህን በትሕትና ለማስረዳት ሞከርኩ። ፊታቸው አልተፈታም።

ያዳኑኝ እትዬ ናቸው። ከጀበናው ሥር ቀና ብለው፣ «አንተ ራስህ ለፋሲካ በግ ስትገዛ ሽንጡን ሳትዳብስ ገዝተህ ታውቃለህ? በጉን የሸጠልህ ሰውዬስ አኩርፎ ያውቃል?» አሏቸው። ጋሼ አልሳቁም። «እንግዲህ እንዳሻህ» ብለው ተነሱ።

ሁለት ቀን ስልክ አልደወሉም። ያችን ሁለት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል ማጋነን አይሆንም። አንድ ሺህ ጊዜ «ደውለህ ተወው በል» የሚል ሐሳብ መጥቶብኛል። ሦስተኛው ቀን ማታ ደወሉ። «ልጄ፣ የት ነው የምትወስዳት? ቀኑን ንገረኝ፣ እኔም አብሬህ እመጣለሁ» አሉኝ።

ምርመራው ምን አገኘ?

ጋራዡን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሻጩ የሚያስጠግንበት ጋራዥ መሆን የለበትም፤ ሻጩ ይታማል ለማለት ሳይሆን ጋራዡ የራሱን ሥራ ራሱ ሊገመግም ስለማይችል ነው። እንዲህ ያለው ምርመራ እዚህ አገር እንደ ጋራዡ ከ200 እስከ 400 ዶላር ድረስ ያስከፍላል። እኔን 325 አስከፈለኝ። ከ11 ሺህ 500 ዶላር ጋር ሲተያይ የበሬ ግንባር የሚያህል አይደለም።

ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። መካኒኩ መጀመሪያ ያየው የሞተሩን ኮምፒውተር ነው። ብዙዎቻችን የማናውቀው ምስጢር እዚያ አለ። ኮምፒውተሩ ሞተሩ ከልኩ በላይ ስንት ጊዜ እንደጮኸ መዝግቦ ይይዛል። ነጂው በአምስተኛ ማርሽ እየበረረ አራተኛ አስገባለሁ ሲል ሁለተኛን ካስገባ ሞተሩ ላይ የሚደርሰው ጉዳት አይጣል ነው፤ ማንም ባያይ ኮምፒውተሩ አይቷል። የጋሼ መኪና ከዚህ በኩል ንጹሕ ናት። ጋሼ ተንፈስ አሉ።

ቀጥሎ የዘይቱን ፊልትሮ አውጥቶ ገለጥ ገለጥ አድርጎ በመብራት አየው። የብረት ስብርባሪ ካለ ኩሽኔታው መበላት ጀምሯል ማለት ነው። የለም። ሲሊንደሮቹን አንድ በአንድ በታመቀ አየር ለካቸው። ደህና ናቸው። ምንጣፎቹን ዳበሰ። ጣሪያዋ በሚከፈት መኪና የውሃ መውረጃው ከተደፈነ ዝናቡ ወደ ውስጥ ይገባል፤ የቦክስተር አንዱ የኤሌክትሪክ ሳጥን ደግሞ የሚገኘው ወንበሩ ሥር ነው፤ ከራሰ መኪናዋ አልነሳም ትላለች። ደረቅ ነው። እስከዚህ ድረስ ሠርግና ምላሽ!

ከዚያ መኪናዋ በሊፍት ተነሳች። ሞተሩና ካምቢዮው በሚገናኙበት ቦታ ላይ ዘይት አለ። ጠብ ጠብ አይልም፣ ግን ወዝቷል። በእነዚህ ሞተሮች ላይ የተለመደ ነገር ነው፤ ሆኖም እሱን ለመጠገን ካምቢዮው መውረድ አለበት። ካምቢዮው ከወረደ አይቀር ፍሪሲዮኑንም ኩሽኔታውንም መቀየር ብልህነት ነው፤ ሁሉም እዚያው ነውና። የተነገረኝ ግምት 3 ሺህ 400 ዶላር።

ጎማዎቹ ጥርሳቸው ደህና ነው። ግን ጎማ ጎኑ ላይ የተሠራበት ጊዜ ይጻፍበታል፤ መጨረሻ ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች ማለት ነው። የፊት ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋላ ሁለቱ ዓመተ ምሕረቱን ይናገራሉ። እነዚህ 3014 ይላሉ፤ በ2014 ሠላሳኛው ሳምንት። ዘጠኝ ዓመት ሊሞላቸው ነው! እንዲህ ያረጀ ጎማ ጥርሱ ቢተርፍም ላስቲኩ ደርቋል፤ በፍጥነት ላይ መሬት አይዝም።

የመጨረሻው ነገር የቀለም መለኪያዋ ናት። እጅ የምታህል መሣሪያ ናት፤ ላሜራው ላይ ሲያሳርፏት የቀለሙን ውፍረት ትናገራለች። መካኒኩ በሩን ለካ፣ ጣሪያው አጠገብ ለካ፣ የግራ ጎኗን ለካ። ሁሉም ተቀራራቢ ነው። የፊት የቀኝ ጎኗ ላይ ሲደርስ ቁጥሩ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ። መካኒኩ ምንም አልተናገረም። የፊቱን ሻንጣ ማስቀመጫ ከፍቶ ምንጣፉን ገለጠና በባትሪ አብርቶ ጠራን። ከምንጣፉ ሥር ያለው ብረት ተጨማድዶ ተቃንቷል፤ እንደ ገና ተበይዷል። መኪናዋ በቀኝ በኩል ክፉኛ ተጋጭታ ነበር።

ጋሼ ጎንበስ ብለው አዩት። ለረጅም ጊዜ አዩት። እሳቸው መኪናዋን የገዙት በ2016 ነው፤ ከማያውቁት ሰው። የታሪክ ወረቀቷ ንጹሕ ነበር፤ ነድተዋት ጥሩ ነበረች፤ ሰውዬው ጨዋ ነበር። «ሰባት ዓመት ሙሉ ልጄን አስቀምጬ የነዳሁት ይቺን ነው?» አሉ። ለእኔ አልነበረም፤ ለራሳቸው ነው።

ያችን ደቂቃ አልረሳትም። ለሁለት ቀን እንቅልፍ የነሳኝ ጥያቄ እሳቸውን እንደሚያዋርድ ነበር የማስበው። ለካ እስከዚያ ቀን ድረስ እሳቸውን የሚጠይቅላቸው ሰው አጥተው ኖሯል።

ሁለተኛው እምቢታ

«ምርመራው ችግር ካገኘ ዋጋ ታስቀንሳለህ፣ ትገዛለህ» ይባላል። ለዘይቱና ለጎማው እውነት ነው። ገንዘብ የሚጠግነው ነገር ገንዘብ ይቀነስለታል። የተበየደው ብረት ግን ሌላ ነው። በትክክል ተሠርቶ እንደሆነ መካኒኩን ጠየቅሁት። «ይህን ለማወቅ ሻሲ መለኪያ ላይ ወጥታ መለካት አለባት፤ እሱ ሌላ ሥራ፣ ሌላ ገንዘብ ነው» አለኝ። ፊት ለፊት ብትጋጭ ያ ብረት እንዴት እንደሚሆን የሚነግረኝ ሰው የለም። እኔ ደግሞ በቀን ሁለት ጊዜ አውራ ጎዳና ላይ የምወጣ ሰው ነኝ።

ጋሼ ያን ዕለት ማታውኑ «8 ሺህ ስጠኝና ውሰዳት» አሉኝ። መጠየቅ ከባድ ነው ያልኩት ሰው፣ እምቢ ማለት ከዚያ የባሰ መሆኑን ያን ጊዜ አየሁ። ምርመራውን ካደረጉ በኋላ ውጤቱን ላለመስማት የሚደረገው ሙግት ብዙ ነው። «ይህን ያህል አስቸግሬያቸው?» ትላለህ። «325 ዶላሬ በከንቱ ሊቀር?» ትላለህ። ወገኖቼ፣ 325 ዶላሩ በከንቱ አልቀረም! «አትግዛ» የሚለውን መልስ የገዛሁበት ነው። ከሁሉም መልስ ውዱ እሱ ነው።

«ጋሼ፣ አልወስዳትም። ለእርስዎም እዘንላቸው ብዬ ልወስዳት አልችልም» አልኳቸው። ተቀበሉኝ። የምርመራውን ግማሽ እከፍላለሁ ብለው ብዙ ታገሉኝ፤ እምቢ አልኩ። ያዘዝኩት እኔ ነኝ፣ ወረቀቱም የእኔ ነው። ወረቀቱን ግን ለእሳቸው ሰጠኋቸው። ከሁለት ወር በኋላ መኪና መፈታታት ለሚወድ አንድ ሰው፣ ወረቀቱን አብረው አሳይተው፣ በ6 ሺህ 500 ሸጧት። ሰውዬው ምን እንደገዛ አውቆ ገዛ፤ ጋሼም ምን እንደሸጡ አውቀው ሸጡ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት መኪና አየሁ። የመጀመሪያው ሻጭ «ላስመርምር» ስለው፣ «ብዙ ገዢ አለኝ፣ ጊዜ የለኝም» አለኝ። ሄድኩ። ሁለተኛው፣ «የትኛው ጋራዥ? እኔ ራሴ አመጣታለሁ» ብሎ የአስራ አንድ ዓመት ደረሰኝ የታጨቀበት ፖስታ ዘረገፈልኝ። ያችኛዋን አስመርምሬ ገዛኋት፤ ቀለሟን ብዙም ባልወደውም! እንግዲህ አስተውሉ፤ «ላስመርምር» የሚለው ቃል ራሱ ምርመራ ነው። መካኒክ ሳይነካት ግማሹን መልስ ያመጣል።

አንተም፣ አንቺም እንዲህ አድርጉ

የመኪናዋን የሻሲ ቁጥር መጀመሪያ ጠይቁ። ከ1981 ወዲህ የአሜሪካ መኪና ሁሉ 17 ፊደልና ቁጥር አለው። በእሱ የታሪክ ወረቀት ይወጣል። ግን ወረቀቱ የሚያውቀው የተነገረውንና የተመዘገበውን ብቻ ነው። በጓሮ የተቃና ላሜራ ወረቀት ላይ አይወጣም፤ የጋሼን አይታችኋል።

ስትሄዱ ሞተሩ ቀዝቅዞ ይጠብቃችሁ። ቀድሞ ተነስቶ የሞቀ ሞተር ጠዋት ላይ የሚያሰማውን ድምፅና የሚያወጣውን ጭስ ደብቋል። በጨለማና በዝናብም አትዩ፤ ውሃ ቀለምን ያሳምራል።

ያንን የመኪና ዓይነት የሚያውቅ መካኒክ ፈልጉ። ጎበዝ መካኒክ ሁሉ የሁሉም መኪና አዋቂ አይደለም። ለምሳሌ የማዝዳ አር ኤክስ ኤይት ሞተር ፒስተን የለውም፤ በተለመደው መለኪያ የተለካ እንደሆነ የሚገኘው ቁጥር አያስተማምንም፤ የራሱ መሣሪያ አለው። «ይህን ዓይነት ሞተር ስትፈትሽ ምን ምን ታያለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። የሚያውቅ ሰው ሳያስብ ይዘረዝርላችኋል።

ከምርመራው በፊት «ከዚህ በላይ ካስወጣኝ እተዋታለሁ» የምትሉትን ቁጥር ጽፋችሁ ያዙ። ዋጋዋን ብቻ አታስቡ። ኢንሹራንሱን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ወጣትና የስፖርት መኪና ሲገናኙ የኢንሹራንሱ ሰዎች ብዕራቸው ይከብዳል። ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና የሚሆን ገንዘብም ለብቻ ይቀመጥ። ኪሳችሁን አራግፋችሁ የገዛችኋት መኪና ለመጀመሪያው ጎማ ታሳፍራችኋለች።

ምርመራ ዋስትና እንዳልሆነም እወቁ። የዛሬን ይናገራል እንጂ የነገን አይተነብይም። ዛሬ ብረት ያልታየበት ፊልትሮ የከርሞ ቃል ኪዳን አይደለም። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ የምትገቡበትን ነገር ዓይናችሁን ገልጣችሁ እንድትገቡበት ያደርጋል፤ በቃ።

አዲስ አበባ ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2024 የነዳጅ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የቤንዚን መኪና የሚፈልግ ሰው ዓይኑ ያገለገለው ላይ ነው። መኪና ልናይ ስንሄድ መካኒክ ይዘን መሄድ እናውቅበታለን፤ ልማዱ ደግ ነው። ግን መካኒኩን ያገናኛችሁ ማነው? ደላላው ከሆነ ለማን እንደሚሠራ አስቡት። መካኒኩን ራሳችሁ አምጡ፤ መኪናዋ ብትሸጥም ባትሸጥም ሒሳቡን ራሳችሁ ክፈሉ። ክፍያው በሽያጩ ላይ ያልተንጠለጠለ ሰው ነው እውነቱን የሚናገረው። ከሊብሬውም ላይ የሞተርና የሻሲ ቁጥሩን መኪናዋ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ።

ሻጩ አጎታችሁ ቢሆን፣ የንስሐ አባታችሁ ቢሆን፣ አብሮ አደጋችሁ ቢሆን ጥያቄው አይቀየርም። ሰው ከአባቱም ቢሆን ብር ቆጥሮ ነው የሚቀበለው፤ አባትም አይቀየም። ቃሉ ከከበዳችሁ እኔ ያልኩትን በሉ፦ «እርስዎን አምናለሁ፤ መኪናዋን ግን አላውቃትም»። ከዚያ ዝም በሉና መልሱን ስሙ።